የ1984ቱ ዱን ፊልም መጨረሻ ላይ ያዘነበው ዝናብ መጽሐፉን ገደለው፣ ትስማማላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። አዲሶቹ የዱን ፊልሞች ከወጡ ወዲህ ሰው ሁሉ የድሮውን፣ የ1984ቱን የዴቪድ ሊንችን ፊልም እያነሳ ይጥለዋል፣ የሚጥልበት ምክንያት ግን ሁሌ አንድ ነው፤ ኢፌክቱ አሮጌ ነው፣ ጋሻው ያስቃል፣ ታሪኩ ተቻኩሏል ምናምን። እኔ በዚህ አልስማማም። ኢፌክት የማን ፊልም ላይ ነው የማያረጀው? ይሄን ፊልም የገደለችው የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት፣ ያቺ ዝናብ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመው ልብወለድ ነው፣ አራኪስ የምትባል ጠብታ የማይጥልባት ፕላኔት አለች፣ ሰዎቿ ፍሬመን ይባላሉ፣ ላባቸውንና ሽንታቸውን አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣቸው ልብስ ለብሰው ነው የሚኖሩት፣ ሰው ሲሞት እንኳ በገላው ውስጥ ያለው ውሃ የጎሳው ነው፣ አይባክንም። እነዚህ ሰዎች አንድ ምስጢር አላቸው። በየዋሻው ውሃ ያጠራቅማሉ፣ ጤዛ ይለቅማሉ፣ አሸዋው እንዳይሄድ ሳር ይተክሉበታል፣ አገራቸው አንድ ቀን አረንጓዴ እንድትሆን ብለው። ስንት ዓመት ይፈጃል ሲባል ዕቅዱን ያወጣላቸው ሊቅ የሚነግራቸው ከ300 እስከ 500 ዓመት ነው። እና እሺ ብለው ይጀምራሉ! ጠምቷቸው እያለ የማይጠጡትን ውሃ ያስቀምጣሉ፣ ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም ለማያየው ነገር።

እኔ ይሄን ያነበብኩት ደሴ ቁጭ ብዬ ነው፣ እና ሳነበው ሌላ ፕላኔት አልታየኝም፣ የታየኝ እርከን ነው። ተራራው ተራቁቶ በነበረ ጊዜ ድንጋይ ተሸክመው እርከን የሠሩ፣ ከብት እንዳይገባበት ከልለው ያስከበሩ፣ የደረቀው ምንጭ ይመለሳል ብለው የጠበቁ ሰዎች አሉ እኛ ጋ፣ ስማቸውን የሚያነሳው የለም። መጽሐፉ ለኔ የነሱ መጽሐፍ ነው።

ፊልሙስ ምን አደረገ? ጀግናው ፖል ጠላቱን በጩቤ ጣለው፣ ቆመ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ዘነበ። አለቀ። የስንት ትውልድ ድካም በአንድ ሰው ተአምር ተተካ። ደግሞ በራሱ በታሪኩ ሕግ እንኳ አያስኬድም፣ በበረሃው ለሚኖሩት ግዙፍ ትሎች ውሃ መርዝ ነው፣ ቅመም የሚባለው ውድ ነገር የሚገኘው ከትሎቹ ነው፣ የከዋክብት ጉዞው ሁሉ የቆመው በቅመሙ ነው፣ ስለዚህ ዘነበ ማለት ትሉ ሞተ፣ ቅመሙ አለቀ ማለት ነው። ጀግናው ባሸነፈባት ደቂቃ የተዋጋለትን ሁሉ ራሱ አጠፋው፣ ፊልሙ ግን የምሥራች አድርጎ ያሳየናል።

ቀኑንም እዩት። ፊልሙ አሜሪካ ሲኒማ የገባው ዲሴምበር 14 ቀን 1984 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 5 ቀን 1977። 77 ምን እንደነበረ ለወሎ ሰው እኔ አልነግርም።

እና ጥያቄዬ፣ ያቺ ዝናብ ባትኖር ፊልሙ ይድን ነበር ወይስ ድሮም የታመመ ነው? ሐሳባችሁን ጻፉ።

(ክሩ ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለምትገቡ ምላሾቹን በየቁጥራቸው እዚሁ አስከትዬ አስቀምጫለሁ፣ የኔንም መልስ ከስራቸው።)

1. መጀመሪያ የጻፈው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ አለና ከኔ በላይ ተናደደ። እሱ ፊልሙን ያየው መጽሐፉን ሳያነብ ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አልገባውም፣ ልዕልቷ ብቅ ብላ ከከዋክብት ፊት ቆማ የስምና የፕላኔት መዓት ስትዘረዝር ጭንቅላቱን ነው የያዘው። ሲኒማ ቤት ለገቡ ተመልካቾች የቃላት መፍቻ ወረቀት ይታደል እንደነበርም እሱ ነው ያነሳው፣ እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ታድሏል። እንግዲህ አስቡት፣ ጨለማ ውስጥ ወረቀት ይዘህ ፊልም ማየት።

2. ሁለተኛው በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታውን አስቀድሞ ግን አልስማማም አለ። ለሱ ችግሩ ጊዜ ነው። ያን የሚያክል መጽሐፍ በ137 ደቂቃ ጨምቆ ማውጣት አይቻልም፣ ፊልሙ የመጽሐፉን መጀመሪያ እየተንፏቀቀ ያሳይና ፖል በረሃ የኖረባቸውን ዓመታት በትረካ ብቻ ዝልል ያደርጋቸዋል፣ ፍቅረኛውን ቻኒን መቼ እንደወደዳት እንኳ አናይም፣ ዝናቡ የዚህ ጥድፊያ ውጤት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም ነው የሚለው። ስለ ጥድፊያው ልክ ነው። ግን ወንድሜ፣ ጊዜ አጣ የምንለው ፊልም መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ፈጥሮ ለማሳየት ጊዜ ነበረው እኮ! የዋናውን ጠላት የባሮኑን ፊት ቁስል በቁስል አድርጎ ሲያሳይ፣ ሰዎች ደረት ላይ የሚነቀል የልብ መሰኪያ ሲገጥም፣ ሽማግሌውን በግዞት ድመት ሲያሳልብ። ፖል ከእናቱ የተማረው የውጊያ ጥበብ ደግሞ ለዓመታት በስልጠና የሚመጣ ነው መጽሐፉ ላይ፣ ፊልሙ በድምፅ የሚተኩስ መሣሪያ አደረገው። ጊዜ ያለው ለመረጥከው ነገር ነው፣ እና ምን እንደመረጡ አየን።

3. ከወልድያ የጻፈ ልጅ ገብቶ ፊልሙ በጣም ሸጋ ነው፣ ዜንዳያም ጎበዝ ናት፣ እኔ ዝናብ ሲዘንብ አላየሁም፣ ምን ሁናችሁ ነው አለ።

4. ይሄኛው 3ን አልማረውም። ርዕሱን ሳታነብ ኮሜንት አትጻፍ፣ እኛ የምናወራው በ2021 እና በ2024 ስለወጡት የዴኒ ቪልኑቭ ፊልሞች አይደለም፣ አንተ ሳትወለድ ስለተሠራው ነው ብሎ ወረደበት። ትክክል ነው ግን እንዲህ መቆጣት አያስፈልግም ነበር፣ ልጁ ዝም ብሎ ወጣ። (በ11 ይመለሳል።)

5. ከሁሉም ረጅሙ ኮሜንት ይሄ ነው፣ ፊልም ያጠና ሰው መሆኑ ያስታውቃል። መጽሐፉ ፊልም እስኪሆን የሄደበትን መንገድ ከሥር ጀምሮ አመጣልን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መብቱን የያዘው ፕሮዲውሰር አርተር ጄኮብስ በ1973 ሞተ። ቀጥሎ አሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ የሚባል ዳይሬክተር ያዘው፣ ሳልቫዶር ዳሊን ተዋናይ ሊያደርግ፣ ሙዚቃውን ለፒንክ ፍሎይድ ሊሰጥ፣ ስዕሉን ለሞቢየስና ለጊገር፣ ግን ገንዘብ የሚያወጣ ጠፋና ቀረ። ከዚያ ዲኖ ዴ ላውረንቲስ ገዛው፣ ሪድሊ ስኮትን ቀጠረ፣ ስኮትም ወንድሙ ሞቶበት ትቶ ወጣ። ሊንች የተጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ሲቀጠር መጽሐፉን እንኳ አላነበበውም ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ቹሩቡስኮ ስቱዲዮ ቀረጹት፣ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 30 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የመጨረሻውን ኤዲት የመወሰን መብት የፕሮዲውሰሮቹ እንጂ የሊንች አልነበረም። ስለዚህ እሱን አትውቀሱት ብሎ ጨረሰ።

ይሄን ሰው ከልቤ አመሰግነዋለሁ፣ ግማሹ ለኔም አዲስ ነው።

6. 6 ግን አልተዋጠለትም። ስክሪፕት ጸሐፊ ተብሎ የተጻፈው የሊንች ስም ብቻ ነው፣ ኤዲቱን ቀሙት ቢባል የጻፈውን ማን ቀማው? ደግሞ ከ1980ው ኤለፋንት ማን በኋላ የፈለገውን የሚሠራበት ስም ነበረው፣ ቢያምንበት ኖሮ አይገባበትም ነበር፣ የሚል ነው። ቃላቱ ሹል ናቸው። እኔም ወደ 6 አደላለሁ፣ ምንም እንኳ ሊንች ራሱ እስኪሞት ድረስ ይሄን ፊልም እንደ ውድቀቱ ቆጥሮ ሊያወራው እንደማይፈልግ ባውቅም። ሰውየው ሐዘኑን አልደበቀም፣ ለዚህ አከብረዋለሁ።

7. ሦስት ሰዓት የሚሆን ሌላ ቅጂ አለ፣ እውነተኛው የሊንች ፊልም እሱ ነው፣ እሱን ብታዩ ሁሉም ይስተካከላል አለ።

8. ወዲያው ታረመ። ያ ረጅሙ ቅጂ በ1988 ለቴሌቪዥን ተብሎ ሌሎች ሰዎች የቀጣጠሉት ነው፣ ሊንች ስሜን አውጡልኝ ብሎ ዳይሬክተር የሚለው ቦታ ላይ አለን ስሚዚ ነው የተጻፈው፣ ያ ማለት ዳይሬክተሮች ሥራቸውን ሲክዱ የሚለጠፍ የውሸት ስም ነው፣ ስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ጁዳስ ቡዝ ተባለ። እና ዝናቡ እዚያም ላይ አለ። 8 በዚህ ሁለት መስመር ክርክሩን ዘጋው፣ ጎበዝ።

9. አሁን ይሄን አስተውላችሁ አንብቡት። የጻፉት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የደሴ ሰው፣ ጋሼ ልበላቸው። ፊልሙን ያዩት ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፣ አግዳሚ ላይ ተጣበው፣ አንድ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ልጅ ከፊት ቆሞ እየተረጎመላቸው። ተዋናዮቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ በሹክሹክታ የሚያስቡት ነገር ሲመጣ ልጁ ማን እንደሚናገር እየጠፋው ዝም ይል ነበር አሉ። ታሪኩን የተረዳ ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። እዚያ ቤት የተቀመጠው አብዛኛው ሰው 77ን በዓይኑ ያየ ነው፣ አንዳንዱ ቤተሰቡን የቀበረ ነው። እሳቸውም ከፊልሙ ሁሉ የሚያስታውሱት ያን ዝናብ ብቻ ነው። እና ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ለጠማው ሰው ዝናብ ማሳየት ምን ጥፋት አለው?

ጋሼ፣ ኮሜንትዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ያን ጭብጨባ ከማንም ላይ አልወስድም፣ እኔም እዚያ ቤት ብኖር አጨበጭብ ነበር። ግን መጽሐፉ የሚያስጠነቅቀን ስለዚህችው ጭብጨባ ነው። መጽሐፉ ላይ ቤኔ ጄሰሪት የሚባሉት የሴቶች ማኅበር ሰዎች በየድሃው ፕላኔት እየዞሩ አንድ ቀን አዳኝ ይመጣላችኋል የሚል ትንቢት ይዘራሉ፣ አውቀው፣ ለራሳቸው ጥቅም፣ የነሱ ሰው ችግር ላይ ሲወድቅ መጠለያ እንዲያገኝበት። ፖልና እናቱ የዳኑት በዚህ በተዘራ ወሬ ነው። የጠማው ሕዝብ ትንቢቱን አመነ፣ ፖል ተጠቀመበት፣ እየተጠቀመ መሆኑንም ያውቅ ነበር፣ ጨነቀው ግን አላቆመም። መጽሐፉ የሚያስፈራው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ዝናቡን ሲያዘንብ ያንን የተዘራ ውሸት እውነት አደረገው። ጠጡ ተብለን የተሰጠን የውሸት ውሃ ነው ጋሼ፣ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው፣ የተጠሙት ሰዎች እውነተኛ ስለሆኑ።

10. ከሐይቅ የጻፈች እህት ናት። ዝናብ በጸሎት መምጣቱ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም አለች፣ ሰማዩ እምቢ ሲል እስላሙ ሜዳ ወጥቶ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ወሎ ውስጥ አንዱ ለሌላው አሜን ይላል። መጀመሪያ የተቃወመችኝ መስሎኝ ነበር። ቀጥላ ግን ልዩነቱን እሷው አመጣችው፣ ዱዓ አድርገው ሲመለሱ ቢዘንብ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ ያዘነብኩት ብሎ ቢነሳ ያን ሰው ምን እንደምናደርገው ታውቃላችሁ አለች። ፊልሙ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዙፋን ላይ ያስቀመጠው። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ የለኝም።

እሷ ሌላም ነገር አነሳች፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለውን የግብዣ ሲን። መጽሐፉ ላይ በአራኪስ ቤተ መንግሥት የቆየ ልማድ አለ፣ ለእራት የሚመጣው መኳንንት እጁን ሲታጠብ ውሃውን ወለል ላይ ይደፋል፣ ፎጣውን እዚያው ይጥላል፣ ውጭ የቆሙት ለማኞች ከፎጣው የተጨመቀውን ውሃ ይለምናሉ። የፖል አባት ይሄን አይቶ ያስቀረዋል። እሷ እያነበበች እዚህ ገጽ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ዘግታ ተቀመጠች፣ ምክንያቱም አያቷ የእንግዳ እጅ ያስታጠቡበትን ውሃ አይደፉም፣ ደጃፍ ላይ ያለውን ጤና አዳም ነው የሚያጠጡበት። የውሃን ነገር ያወቀ ዳይሬክተር ከመጽሐፉ አንዲት ሲን ብቻ አስቀር ቢባል ይሄን ያስቀር ነበር ብላ ደመደመች። ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ሲን!

11. የወልድያው 3 ተመለሰ። በ4 ንዴት ሌሊቱን የ1984ቱን ፊልም አግኝቶ ሙሉውን አይቶታል። እና ወደደው! ልብሱን፣ ግድግዳውን፣ በታንክ ውስጥ የሚንሳፈፈውን የጊልድ (የከዋክብት ጉዞውን የያዘው ማኅበር) ፍጡር፣ የቶቶን ሙዚቃ፣ ሁሉንም። አዲሶቹ ፊልሞች ከዚህ አንጻር ቀለም የላቸውም፣ እናንተ ድሮ የተጠላውን እየተቀባበላችሁ ነው የምትጠሉት አለ። እውነቱን ለመናገር ስለ ጊልዱ ፍጡር አብሬው ነኝ፣ ያን የመሰለ አስፈሪና ያማረ ነገር አዲሶቹ ላይ አላየሁም። መልኩን የጠላ የለም እዚህ። እንኳንም አየኸው።

12. የበረሃ ፊልም ሁኖ አንድ ግመል እንኳ የለውም አለ አንዱ።

13. በዚህ ጀመረና ክሩ ባቲ ገባ። ሰኞ ገበያ፣ ከአፋር ወገን የሚወርደው ግመል፣ አሞሌው፣ የበርበሬው ዋጋ።

14. ባቲ ካልቀረ ይሄኛው ቁም ነገር ይዞ መጣ። ቆላ ያደገ ነው፣ በረሃ የሚሄድ ሰው አፉንና አፍንጫውን ሳይሸፍን አይሄድም፣ እርጥበትህ የሚወጣው በትንፋሽህ ነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ለጠብታ ላብ የሚጠነቀቁት ፍሬመኖች አፋቸውን ገልጠው አሸዋው ላይ ሲጮሁ ይውላሉ አለ። የመጽሐፉ ፍሬመን በደህና ልብስ በቀን የሚያጣው ውሃ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ የሚያጠልቃትን ቆብ ከሚሞላ አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያየው የኖረበት ሰው ነው።

15. ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ይቀራል፣ እኛም የራሳችን አራኪስ አለን ብሎ የጻፈ አለ። ከርዕሱ ወጥቷል ግን አልከፋኝም።

16. እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። በ77 ያለቀውን ሕዝብ ከሆሊውድ ፊልም ጋር ማያያዝ ለሞቱት ንቀት ነው፣ ስልክህን ይዘህ ስለ ትል የምታወራበት ጉዳይ አይደለም፣ ርዕሱን አንሳው አለኝ። ያለ ሰላምታ።

17. 16ን ደገፈ፣ አንድ መስመር ናት።

18. 16ን ሰደበ። ስድቡ ተነስቷል፣ እንዲነሳ የጠየቅኩትም እኔ ነኝ፣ እዚህ ማንም ሰው በሙታኑ ስላዘነ አይሰደብም።

ለ16 የመለስኩትን ግን በሙሉ ልድገመው፣ ይሄን ክር የከፈትኩት ለዚህ ነውና። 77ን ለጌጥ አላመጣሁትም። መስከረም 2 ቀን 1977 አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በሰልፍ፣ በቀስት፣ በትልልቅ ምስል ደምቆ ተከበረ፣ ወሎ ውስጥ ሰው በየመንገዱ እየወደቀ። ጥቅምት ላይ ከኮረም መጠለያ የተቀረጸው ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በፊትም በ66ቱ ረሃብ ነገሩ ሲደበቅ ነው የኖረው። እኛ መሪ አጥተን አልነበረም፣ መሪዎቹ ምስላቸውን ሲያሰቅሉ በልጉም ክረምቱም ቀርቶ ነበር፣ ጦርነቱም አላቆመም ነበር። ስለዚህ አንድ ልብወለድ መጥቶ ከተጠማ ሕዝብ ፊት የሚቆመውን ታላቅ ሰው ፍሩት ሲል ወሎየ ከማንም በላይ ይሰማዋል። ፊልሙ ያን መጽሐፍ ወስዶ፣ በዚያው ዓመት፣ ታላቁ ሰው ያዘንባል እመኑት አለ። ሊንች ስለ ወሎ ያውቃል አላልኩም፣ ማወቅም አልነበረበትም፣ መጽሐፉን ግን ማወቅ ነበረበት።

19. 16 ከሰዓታት በኋላ መለሰ፣ ረጋ ብሎ። ከቤተሰቡ በዚያ ዓመት የቀሩ አሉ፣ 77 የሚለውን ቁጥር የትም ሲያየው ይነሳበታል። የመስከረሙን በዓል ያነሳሁትን ተቀበለው፣ ርዕሱን ግን አሁንም አልወደደውም። ይሁን፣ መብቱ ነው። ነፍስ ይማር ወንድሜ።

20. ደራሲው ራሱ ፊልሙን አመስግኗል፣ እናንተ ከሱ በላይ ለመጽሐፉ ልትቆረቆሩ ነው? አለ አዲስ የገባ ሰው። ኃይለኛ ጥያቄ ነው።

21. መልሱ ከ5 መጣ፣ ያ ፊልም ያጠናው ሰው። አዎ፣ ኸርበርት በ1986 ከመሞቱ በፊት የፊልሙን መልክ አድንቋል፣ ነገር ግን ቅሬታውንም ጽፏል፣ ከቅሬታዎቹም አንዱ ይሄው ዝናብ ነው፤ የሱ ፖል አምላክ ነኝ ብሎ የሚጫወት ሰው እንጂ ዝናብ የሚያዘንብ አምላክ አይደለም የሚል ነው ነገሩ። እኔ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ደራሲው በጣቱ የነካው ቦታ እኛ የምንነካው ቦታ ነው።

22. ቀጣዮቹን መጽሐፎች ያነበበ ሰው ነው። በ1969 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ፖል ራሱ በስሙ የተገደለውን ሰው ሲቆጥር 61 ቢሊዮን ይደርሳል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ አራኪስ አረንጓዴ መሆን ስትጀምር ትሎቹ እየጠፉ ይሄዳሉ፣ ፍሬመኖቹም የናፈቁት ውሃ ሲመጣ የድሮው ጥንካሬያቸው አብሮ ይሄዳል። ሊንች ለሁለተኛው ፊልም ስክሪፕት ጀምሮ ነበር፣ ግን ከዚያ ዝናብ በኋላ ወዴት ይኬዳል? 22 በዚህ ጥያቄ ነው ያቆመው፣ እስካሁን የመለሰለት የለም።

23. የሐይቋ 10 እንደገና። ፊልሙ የት ላይ ማለቅ እንደነበረበት ታውቃለች። መጽሐፉ የሚያልቀው በሁለት ሴቶች ነው፣ የፖል እናት ጄሲካና ቻኒ። ፖል ለመንግሥት ሲል የንጉሡን ልጅ ሊያገባ ነው፣ ቻኒ ሚስት የሚለውን ስም አታገኝም፣ ጄሲካም በሕይወቷ ያላገኘችው ነው፣ እና አማቲቱ ምራቷን ስታጽናናት ያልቃል። ከዚያ ሁሉ ጦርነት በኋላ ድሉን የከፈሉት እነማን እንደሆኑ የምናየው እዚያ ነው። ፊልሙ ያን ቦታ ለፖል ሕፃን እህት ለአሊያ ሰጥቶ የወንድሟን ታላቅነት አሳወጃት። ሴቶቹ ጠፉ። 2 እንኳ ጊዜ አጠረ ማለቱን ትቶ እዚህ ላይ እጅ ሰጠ፣ ይቺ ሲን ከዝናቡ አትረዝምም አለ። የ2024ቱ ፊልም ቢያንስ ቻኒን ፊቷ ላይ ያለውን እያሳየ ነው የጨረሰው፣ መጽሐፉን ቢለውጠውም የመጽሐፉን ሐዘን አልጣለውም፣ እኔ በዚህ ከብዙ ነገሩ ይቅር ብዬዋለሁ።

24. የወልድያው 3 ለሦስተኛ ጊዜ። አሁን መጽሐፉን ማንበብ ፈልጓል፣ ማን ያውሰኛል ነው። 4 ራሱ ነው መጀመሪያ አብሽር ብሎ የመለሰለት፣ ደስ ይላል።

25. የኮምቦልቻው 1 የእንግሊዝኛው ቅጂ አለው፣ ሽፋኑ ተቀዷል ግን ገጹ ሙሉ ነው፣ ወደ ወልድያ ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ ብሏል። ከመጨረሻ ያለውን የቃላት መፍቻ አስቀድመህ ዕልባት አድርግበት ብሎ መክሮታል።

26. ጋሼም ጻፉ። መጽሐፉን ለማንበብ ዓይኔ አይረዳኝም፣ ግን ልጄ እንዲያነብልኝ ተራ ያዙልኝ ብለዋል። ስለ ዝናቡ ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወልድያ፣ ቀጥሎ ደሴ ለጋሼ፣ ከዚያ ሌላ ፈላጊ ካለ እዚሁ ስር ስሙን ያስፍር። ስታነቡ ከታሪኩ በኋላ ያለውን ስለ ፕላኔቷ ሥነ ምህዳር የሚያወራውን አባሪ እንዳትዘሉት፣ የ300 እና የ500 ዓመቱ ነገር ያለው እዚያ ነው።